የካርድ ክፍሉን ፕሮግራም ክፍት ሳደርገው

ለአንድ ጤና ጣቢያ የሠራሁትን የካርድ መፈለጊያና የክትባት ቀጠሮ ፕሮግራም ኮድ ሰሞኑን ለሁሉም ክፍት አድርጌዋለሁ። ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ የፈለገ ያውርደው፣ ያሻሽለው፣ ሌላ ጤና ጣቢያ ወስዶ ይጫነው። ይህን የሰሙ ጓደኞቼ ግማሾቹ «ጎበዝ» አሉኝ፤ ግማሾቹ «ያን ሁሉ ልፋት በነፃ?» ብለው አፈጠጡብኝ።

ነገሩን ያነሱት የክትባት ክፍሉ ሲስተር ናቸው። አንድ ቀን ፕሪንተራቸውን ሳስተካክል «እግዜር አያድርገውና አንተ አንድ ነገር ብትሆን፣ ወይ ዲቪ ቢደርስህ፣ ይሄን ማን ያስነሳልናል?» አሉኝ። ዲቪ ሞልቼ አላውቅም፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ላፕቶፑ እምቢ ባለ ቁጥር የሚደወለው ለእኔ ነው። እናቶች ልጅ አዝለው የሚሰለፉበት ሥራ በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ገንዘብ ስላልተቀበልኩበት ብቻ የሕዝብ ነው ማለት አይቻልም።

«ለምን በነፃ» ለሚሉት ቶሎ ልመልስ። ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ክፍት ኮድ ነው። ፋይዳ መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕም ባንጋሎር ካለ ተቋም የወጣ ክፍት ኮድ ነው። የእኔም ፕሮግራም ዳታውን የሚያስቀምጠው ኤስኪውላይት በሚባል የመረጃ ቋት ነው፤ ለእሱ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም። ሲወስዱ ዝም ብሎ ሲሰጡ ልፋት መቁጠር አያምርም።

ከኮዱ በፊት የወረቀት ጣጣ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፤ ተቀጣሪ በሥራው የሠራውን ደግሞ፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ ባለቤቱ አሠሪው ነው ይላል። እኔ ፕሮግራሙን በእረፍት ቀኔ፣ በራሴ ኮምፒውተር ነው የጻፍኩት። ቢሆንም «አይመለከተንም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ ጠየቅሁ። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ሳቀችብኝ፤ ደብዳቤውን ግን ጻፈችው። ከጤና ጣቢያውም ተመሳሳይ ወረቀት ይዣለሁ። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ኮድ ላይ ማንም ደፍሮ አይሠራም።

ቀጥሎ የታካሚዎች ጉዳይ። ኮዱ ይከፈታል እንጂ የማንም ስም፣ የማንም ካርድ ቁጥር አብሮ መውጣት የለበትም። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት የግል መረጃዎች ጋር ነው የሚመድበው። የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበው ጊት የሚባለው መሣሪያ ደግሞ አይረሳም፦ ዛሬ የሰረዝከው ፋይል ከዓመት በፊት በነበረ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ስለዚህ የድሮውን ታሪክ እያበጠርኩ ከምለቅም፣ እሱን ዘግቼ አስቀምጬ አዲሱን ማከማቻ ከአንድ ንጹሕ ኮሚት ጀመርኩት። የይለፍ ቃሎቹ ከኮዱ ወጥተው ወደ ጊትሃብ በማይላክ ፋይል ውስጥ ለብቻቸው ገቡ። ለሙከራ የሚሆኑትን ስሞች ከታናሽ እህቴ ጋር ተቀምጠን ፈጠርናቸው፤ ከመካከላቸው «አቶ ሙከራው ፈትነው» የሚባሉ አሉ፤ የእሷ ሥራ ነው።

ፈቃድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጆች የሚያልፉት እዚህ ነውና። ኮድ ጊትሃብ ላይ መጣል ብቻውን ክፍት አያደርገውም። የፈቃድ ጽሑፍ ከሌለው መብቱ ሁሉ የጸሐፊው ነው፤ ሌላው ሰው ያያል እንጂ ወስዶ መሥራት አይችልም። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ በጣም ቸር ነው፦ ስሜን አታጥፋ እንጂ እንዳሻህ አድርገው፣ ቆልፈህም ሽጠው ይላል። ጂፒኤል ደግሞ ፕሮግራሙን ለሌላ ካከፋፈልክ ያሻሻልከውንም ኮድ አብረህ ስጥ ይላል። ችግሩ፣ አንድ ድርጅት ኮዱን ወስዶ በራሱ ሰርቨር ላይ አድርጎ ለክሊኒኮች በኢንተርኔት ቢያከራየው «አላከፋፈልኩም» ማለት ይችላል። ኤጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ የወጣው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው፤ ሦስተኛው እትም የ2007 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ እሱን መረጥኩ። መሸጥን አይከለክልም፤ ሸጦ መቆለፍን ነው የሚከለክለው። የንግድ ሰዎች እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ለጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ግን ቸርነቱን ማብዛት አልፈለግሁም።

ዲጂታል ፐብሊክ ጉድስ አሊያንስ የሚባለው ስብስብ አንድን ሶፍትዌር የሕዝብ ሀብት ነው ለማለት የሚጠይቃቸው ዘጠኝ መመዘኛዎች አሉ። እንዲመዘግቡኝ ባላመለክትም ዝርዝሩን እንደ ቤት ሥራ ተጠቀምኩበት። አንዱ መመዘኛ ዳታውን በሌላ ፕሮግራም በሚነበብ መልክ ማውጣት ይቻላል ወይ ይላል። በዚህ ምክንያት ኤክሴል ላይ የሚከፈት ፋይል የሚያወጣ ቁልፍ ጨመርኩ። ሲስተር ከኮዱ መከፈት ይልቅ በዚህች ቁልፍ ነው የተደሰቱት። የወር ሪፖርታቸውን በእጅ መደመር ቀረላቸው።

የመክፈትን ጥቅም ያየሁት ግን በስም ፍለጋው ነው። ካርድ ክፍል ውስጥ «ኃይሉ» አንዱ በኃ፣ ሌላው በሀ፣ ሦስተኛው በሐ ይመዘገባል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ስሙን እንደተጻፈ ያስቀምጥና ሲፈልግ ብቻ ሐን፣ ኀን፣ ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ያጥፋቸዋል፤ ማለትም እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራቸዋል። ለአማርኛ ይበቃል። ኮዱ ከወጣ በኋላ ከመቀሌ አንድ ልጅ ጻፈልኝ፦ በትግርኛ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ድምፃቸው ለየቅል ነው፤ አንድ ላይ ሲታጠፉ የማይገናኙ ሰዎች ካርድ አብሮ ይወጣል። ቅሬታ ብቻ አልነበረም። የማጠፊያውን ሠንጠረዥ በየቋንቋው ለያይቶ፣ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጠውን ፈተና ጭምር ጽፎ ላከልኝ። እኔ ትግርኛ ከሰላምታ አላልፍም፤ ተዘግቶ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ማሻሻያ ከየትም አይመጣም ነበር።

የዘመን አቆጣጠሩን ክፍል ለብቻው አውጥቼ ሌላ ማከማቻ ሰጠሁት፤ ክትባት የማይመለከተው ሰውም ይፈልገዋልና። ታኅሣሥ 10 የተወለደ ልጅ የኩፍኝ ክትባቱ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ነው። ወር ቁጥር 4 ላይ 9 የሚደምር ኮድ 13 ያገኝና ቀጠሮውን «ጳጉሜ 10» ይለዋል። እንዲህ ያለ ቀን የለም። ሲስተር በጣታቸው ሲቆጥሩ ጳጉሜን ዘለው መስከረም 10 ይላሉ፤ ኮዱም እንደ እሳቸው እንዲቆጥር ነው ያደረግሁት። ጳጉሜ 6 የምትሆንበት ዓመትም፣ እንደ 2015፣ በፈተናዎቹ ውስጥ አለ።

መመሪያውን በአማርኛ ጻፍኩት፤ ኢንተርኔት በሌለበት ከፍላሽ እንዴት እንደሚጫን፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ። ችግር ሲኖር ጊትሃብ ላይ ኢሹ (የችግር ማመልከቻ) ክፈቱ ብዬ ነበር፤ የሚከፍት የለም። ሁሉም ቴሌግራም ላይ የድምፅ መልእክትና በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ይልካል። አሁን ድምፁን እየሰማሁ ኢሹውን እኔው እጽፋለሁ፤ ከተፈታ በኋላ ሊንኩን እመልስላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ሊንኩን መክፈት ጀምረዋል።

የጎደለው ብዙ ነው። የአፋን ኦሮሞ ትርጉሙ ግማሽ ላይ ቆሟል፤ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ስሞች ፍለጋም ገና አልተነካም፤ እዚያ ደግሞ ድርብ ፊደላት የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምትችሉ ብትሆኑ ጥሩ፤ ባትችሉም የቃላቱ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ አፋን ኦሮሞ ማወቅ ይበቃል። ሲስተር በበኩላቸው ስልጠና ከሚወስዱ ሁለት የካርድ ሠራተኞች ጋር ላፕቶፑን አጥፍተው ከፍላሽ እንደገና መጫን እየተለማመዱ ነው፤ እኔ ስልኬን እንዳላነሳ ታዝዣለሁ።