ኢድንና አርሴናልን ከሳይክል ግሩፑ ሳናባርር

የደሴና የኮምቦልቻ ሳይክል ነጂዎች የምንገናኝበትን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ሆኜ ስረከብ፣ ከሁሉም ያነሰ የሚወራው ስለ ሳይክል ነበር። አንድ ልጅ «ከሐረጎ ስወርድ ቸርኬው እጅ ያቃጥላል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሥሩ የአርሴናል ክርክር፣ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ፣ «ለ10 ሰው ላክ» የሚል ጸሎት ይከተላል፤ ጥያቄው ተውጦ ይቀራል። የዋዛ ጥያቄም አልነበረም። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ፍሬን ጨብጦ የሚወርድ ሰው ቸርኬው ግሎ ከመነዳሪው (የውስጥ ጎማው) ሊፈነዳበት ይችላል።

ብዙ አድሚን የሚቀናው ማጥፋት ነው። ወሎ ውስጥ ግን ምኑን ታጠፋለህ? መውሊዱ፣ ጥምቀቱ፣ አረፋው፣ ፋሲካው ሲመጣ ሁሉም ለሁሉም እንኳን አደረሰህ ይላል። ለቅሶም አለ። የሰው አባት ሞት ሲነገር «ከርዕስ ውጭ ነው» ብሎ ያጠፋ አድሚን በማግስቱ በየት በኩል ለቅሶ ይደርሳል?

ስለዚህ ለወሬውም ቦታ ሰጠሁት። ቴሌግራም በ2015 ዓ.ም. ግሩፕን በርዕስ መከፋፈያ አምጥቷል፤ ከግሩፑ ማስተካከያ ገብቶ «ቶፒክስ» የሚለውን ማብራት ነው። «ጥገና»፣ «የእሁድ ጉዞ»፣ «ቡና ላይ» የሚሉ ክፍሎች ከፈትኩ። ደስታውም፣ ሐዘኑም፣ ኳሱም «ቡና ላይ» ነው። ወሬ ያልፈለገ የዚያን ክፍል ድምፅ ብቻ ይዘጋል፤ የጥገናው ይደርሰዋል። ለጎማ፣ ለካቴና፣ ለፍሬን ለየብቻ ክፈት ያሉኝም ነበሩ፤ እምቢ አልኩ። ክፍል ሲበዛ ሰው ግራ ይገባውና ያገኘው ላይ ይለጥፋል።

ትልቅ ሰው ሲስት ደግሞ በአደባባይ አይታረምም። አንድ ጋሼ በየማለዳው ረጅም ምርቃት «ጥገና» ላይ ይለጥፉ ነበር። በውስጥ ጻፍኩላቸው፦ «ጋሼ፣ ምርቃትዎ ከካቴና ወሬ ጋር እየተቀላቀለ ነው፤ ቡና ላይ ቢያደርጉት ሁላችንም አሜን እንላለን።» «አብሽር ልጄ» አሉኝ፤ አሁን እዚያ ነው የሚመርቁን። አልፎ አልፎ ይስታሉ፤ ዝም እላለሁ።

ለማስታወቂያ ግን አልራራም። አሮጌ ሳይክል የሚሸጥ ሰው ፎቶና ዋጋ ይዞ ይምጣ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ወዲያው ይጠፋል (እዚህ ላይ የግል ቂም ሳይኖረኝ አይቀርም)።

ፖለቲካ «ቡና ላይ»ም አይገባም። ጦርነቱን እዚሁ ሆነን ያሳለፍን ሰዎች ነን፤ አንድ መስመር ጽሑፍ የእሁዱን ጉዞ ሊበትን ይችላል። ለዚህም ነው የማጥፋቱን ሥልጣን ብቻዬን ያልያዝኩት፦ አንዱ አድሚን ከደሴ፣ አንዱ ከኮምቦልቻ፣ ሃይማኖታችንም የተለያየ። የኮምቦልቻን ልጅ የኮምቦልቻው አድሚን ይመክረዋል። ከደገመ ለአንድ ሳምንት መጻፍ ይከለከላል፤ ማንበቡን ግን አንነፍገውም፤ እሁድ ስንት ሰዓትና ከየት እንደምንነሳ ማወቅ አለበት።