በዴንቨር መስኮት ላይ የበቀለው የኮሰረት ዘመድ

ያለፈውን ፋሲካ ፍኖተ ሰላም፣ እናቴ ቤት አሳለፍኩ። ከ9 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከሻንጣዬ መጀመሪያ ያወጣሁት አንድ እፍኝ የደረቀ ቅጠል ነበር።

አሜሪካ፣ ዴንቨር እንደገባሁ ሥራ ያገኘሁት በአንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ቋንቋው አይገባኝም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ቀን የምሳ ግርግር ካለፈ በኋላ ለሠራተኛው ፖዞሌ ወጣ። በትልልቅ የበቆሎ ፍሬና በሥጋ የሚሠራ ሾርባ ነው። ጌሬሮ ከሚባል ክፍለ ሀገር የመጣችው ወጥ ሠሪ የደረቀ ቅጠል በመዳፎቿ መሐል አሽታ ሳህኔ ላይ በተነችልኝ። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ እንባዬ መጣ። እናቴ ለፋሲካ ቅቤ ስታነጥር ቤቱን የሚሞላው ሽታ! ሴትዮዋ ደንግጣ በምልክት "አቃጠለሽ እንዴ?" አለችኝ።

ስሙን ስጠይቃት ኦሬጋኖ አለችኝ። በነጋታው ሱፐርማርኬት ሄጄ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሽታው ሌላ ነው። ለካ የገዛሁት የሜዲትራኒያኑን ነው፤ እሱ የነጦስኝና የነናና ቤተሰብ ነው። የሜክሲኮው ሳይንሳዊ ስሙ ሊፒያ ግራቬኦሌንስ ነው። የእኛ ኮሰረት ደግሞ ሊፒያ አዶኤንሲስ። የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው! ይህን ያወቅኩ ዕለት ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሴትዮዋ ከቤቷ የሚተከል የኦሬጋኖ ቁራጭ እያመጣች ሰጠችኝ። የመጀመሪያውን በየቀኑ ውሃ ሳጠጣው ሥሩ በሰበሰ። ሁለተኛውን በረንዳ ላይ ትቼው ጥቅምት ላይ ውርጭ መታው። የሞቃት አገር ቁጥቋጦ ነው፤ እስከ 2 ሜትር ያድጋል፣ ውርጭ ግን አይችልም። ለእናቴ ደውዬ አለቀስኩላት።

"ልጄ፣ ኮሰረት እኮ ጭቃ አይወድም። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጪው። የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ ትከዪው።"

ሦስተኛውን እሷ እንዳለችኝ አደረግኩ። ታቹ በተበሳ ባልዲ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ተከልኩት፤ ክረምቱን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አሳለፈ። ያዘ! ጫፉን ስቀነጥበው ከጎን ከጎኑ አቆጠቆጠ። ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ፤ ሽታው የሚጠናው ሲደርቅ ነው።

ፋሲካ ላይ እናቴ ከሻንጣዬ ካወጣሁት ከዚያ ቅጠል ቆንጠር አድርጋ አሸችው። ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው።

"ኮሰረት ኮሰረት ይላል። ጦስኝም አለበት።"

ስለ ጦስኙ ምንም አልነገርኳትም ነበር። ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ዘይቶች በሜክሲኮው ኦሬጋኖም በጦስኝም ውስጥ አሉ፤ በቤተሰብ ባይገናኙም ሽታቸውን የሚያቀራርበው እሱ ነው። እኔ ስንት ወር ያነበብኩትን እናቴ በአንድ ትንፋሽ አወቀችው። እንዴት እንደኮራሁባት!

ትንሽ ቅቤ ለብቻ አነጠረችበት። በእንጀራ ጫፍ ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች።

"ለክትፎ አይሆንም፣ ይከብደዋል። ለሽሮ ግን ግሩም ነው።"

የምመለስ ዕለት ከጓሮዋ ቆርጣ ያደረቀችውን ኮሰረት በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ።

"ይኼን ለዚያች ሴት ስጪልኝ። ሾርባዋ ላይ አሽታ ትበትነው።"