ፎሊኑ ስንት አለ?

ወደ ላብራቶሪያችን የመጣው ሳምፕል ቀይ ሜፕል የሚባለው ዛፍ ቅጠል ነበር። ደንበኛው ለቆዳ ቅባት የሚሆን ኤክስትራክት አዘጋጅ ነው፤ የሚፈልገውም ጂናሊን ኤ የተባለውን ጋሎታኒን ነው፤ ይኸውም በስኳር እምብርት ላይ ጋሎይል የሚባሉ የጋሊክ አሲድ ቁራጮች የተንጠለጠሉበት ታኒን ነው። የቆዳን መለጠጥ የሚያፈርሰውን ኤላስቴዝንና የቆዳን ቀለም የሚሠራውን ታይሮሲኔዝን፣ ሁለቱን ኢንዛይሞች፣ ይገታል ተብሎ ስሙ የተነሳው እሱ ነው።

ክሮማቶግራሙ፣ ማለትም ውህዶቹን ለያይቶ እያንዳንዱን በየጫፉ የሚያሳየው ግራፍ፣ ገና ከመውጣቱ ነገሩ ታወቀ። ውህዶቹን በሚለየው ቱቦ፣ በሲ18 ኮለም ላይ፣ ጋሊክ አሲድ ቀድሞ ይወጣል፣ ባለ አንድ ጋሎይሎቹ ጂናሊን ቢ እና ሲ ይከተላሉ፣ ባለ ሁለቱ ኤ በመጨረሻ ይመጣል። በደንብ በደረቀ ቅጠል ኤ ጎልቶ ይቆማል። እዚህ ግን ጋሊክ አሲዱ ጣራ ነክቷል፣ ቢ እና ሲ ወፍረዋል፣ ኤ የለም ከማለት አይተናነስም። አንድ ጋሎይል ሲወድቅ 468 የነበረው የሞለኪውሉ ክብደት 316 ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲወድቅ የሚቀረው የስኳር እምብርት መሣሪያው በሚያይበት የ280 ናኖሜትር ብርሃን ጭራሽ አይታይም።

የመሣሪያው ኃላፊ ወዲያው «ፊልተሩ ነው» አለ። ናይለን ፊልተር ታኒን ይይዛል፣ እውነት ነው፤ ስለዚህ ፒቪዲኤፍ ወደሚባለው የፊልተር ዓይነት መቀየርና የመጀመሪያውን 1 ሚሊ ሊትር መድፋት ጥሩ ልማድ ነው። ግን ናይለን ጋሊክ አሲድ አይወልድም።

አቅራቢው ተደወለለት።

«እንዴት አደረቃችሁት?»

«በኦቨን ነዋ።»

«ስንት ላይ?»

«105።»

105 እኮ የእርጥበት መለኪያ ሙቀት ነው! ለእሱ የተመዘነው ቅጠል ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ይጣላል እንጂ ማንም ኤክስትራክት አይሠራበትም። እርጥቡን ደግሞ በላስቲክ ከረጢት አፍነው አሳድረውታል። የታፈነ ቅጠል ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ አስፐርጂለስን የመሳሰሉ ሻጋታዎች ታኔዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው፣ ሥራውም ጋሎይሉን ከእምብርቱ ጋር ያያያዘውን ማሰሪያ፣ ኤስተሩን፣ መቁረጥ ነው። ከዚያ የተረፈውን የኦቨኑ እርጥብ ሙቀት ጨረሰው። ቅጠሉ በተለቀመበት ቀን ጥላ ውስጥ በስሱ ተሰጥቶ ወይም ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት፣ አየር እየነፈሰበት፣ አገዳው ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ቢደርቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ውጤቱ ለአለቃ ቀረበ። አለቃ ክሮማቶግራሙን ገልበጥ አድርገው አስቀመጡትና ስለ ፎሊን፣ ማለትም ጋሊክ አሲድና ታኒን የሚመደቡበትን የፊኖል ቤተሰብ በጠቅላላው በሰማያዊ ቀለም ስለሚለካው ምርመራ፣ ጠየቁ፦

«ፎሊኑ ስንት አለ?»

«ካለፈው ባች ብዙም አይለይም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል?»

«ፎሊን እኮ የተሰበረውንም ያልተሰበረውንም ነው የሚቆጥረው። ጋሎይሉ እምብርቱ ላይ ቢንጠለጠልም ለብቻው ቢንሳፈፍም ሰማያዊ ቀለሙን ያወጣል።»

«ደንበኛው በውሉ ያስገባው ጠቅላላ ፊኖል ነው።»

ለዚህ መልስ አልተገኘም፤ ትክክል ናቸውና። ይባስ ብሎ የፎሊን ውጤት የሚጻፈው «በጋሊክ አሲድ አቻ» ነው፤ ማለትም ባቹ ወደ መለኪያው ራሱ ተለውጦ ነው የመጣው። ከዚህ በላይ ታዛዥ ሳምፕል ከየት ይገኛል?

ጥቂት ቆይተው «ለነገሩ ቅጠል ነው፣ ማንን ይጎዳል?» ሲሉ ግን የእንስሳት ጤና የተማረችው ባልደረባችን ዝም ማለት አቃታት። የጠወለገና የደረቀ ቀይ ሜፕል ፈረስ ይገድላል። የፈረስ አንጀት ባክቴሪያ ጋሊክ አሲዱን ወደ ፓይሮጋሎል ይለውጠዋል፤ ፓይሮጋሎል ሄሞግሎቢኑን ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ሽንቱ ይጠቁራል።

«እኛ ለፈረስ አንሸጥም» አሉ አለቃ፤ ፈረሙ።

ሪፖርቱ ወጣ። ጠቅላላ ፊኖል፦ ያልፋል። ጂናሊን ኤ ስላልተጠየቀ አልተጻፈም። የተገኘው ለውጥ ቢኖር የሳምፕል መቀበያ ቅጹ ላይ «የደረቀበት ሙቀት» የሚል መስመር መጨመሩ ነው። አቅራቢዎች እስካሁን የሚሞሉት «እንደተለመደው» እያሉ ነው።