«ሃይፖ» ነው ወይስ «ሃይፐር»?

የሌሊት ተረኞች ነበርን። ከድንገተኛ ክፍል ተደውሎ አንድ የስኳር ታካሚ ወደ ውስጥ ደዌ ክፍላችን እየመጡ መሆኑ ተነገረን። ስልኩን ያነሳችው ሲስተር «ሃይፐርግላይሴሚያ»፣ ማለትም የደም ስኳር ከፍ ማለት፣ ብላ ማስታወሻ ያዘች። ደዋዩ ግን ያለው «ሃይፖግላይሴሚያ»፣ የደም ስኳር ዝቅ ማለት፣ ነበር።

ታካሚው ሲደርሱ ልብሳቸው በላብ ርሷል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ልጃቸው ሲያናግራቸው መልሳቸው ይምታታል። ስኳር የሚቀንሰው ኢንሱሊን ከፍሪጅ ወጥቶ ተቀምጧል። በዕድሜም በሥራም የምትበልጠን ሲስተር ላባቸውን አይታ «ቆዪ እስቲ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ይለኩ» አለች። የስኳር መለኪያው ግሉኮሜትር 38 አሳየ። ከ70 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው፤ በ38 ላይ ኢንሱሊን መስጠት ማለት አንጎል የሚሠራበትን የቀረውን ስኳር መቀማት ነው። ወዲያው 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ተሰጣቸው። ብዙም ሳይቆዩ ልጃቸውን በስሙ ጠሩት።

ሁለቱ ቃላት ከግሪክኛ የተገጣጠሙ ናቸው። «ግሊኪስ» ጣፋጭ፣ «ሃይማ» ደም ነው። እስከዚህ አንድ ናቸው። የሚለያዩት ከፊት ባለው ቁራጭ ብቻ ነው፤ «ሂፖ» ከሥር፣ «ሂፐር» ከላይ ማለት ነው። በጽሑፍ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በስልክ፣ ያውም በጫጫታ መሃል፣ «ር» ከኋላዋ ባለው «ግ» ተውጣ ትቀራለች። ሕክምናቸው ደግሞ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ያቺን ሲስተር መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ጆሮዋ አልሰነፈም፤ ሕይወት የሚያህል ነገር በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጠዋት ርክክብ ላይ ተነጋገርንበት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ቁጥሩ ይቀድማል፤ «ስኳራቸው 38፣ በጣም ዝቅተኛ» ይባላል፤ የሚቀበለውም የጻፈውን መልሶ ያነባል። ግሪክኛው ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ በየአገሩ ያለ ሐኪም የሚግባባበት ስለሆነ ይጠቅመናል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ የፖታሲየሙ ነው፤ «ሃይፖካሌሚያ» (በደም ውስጥ የፖታሲየም ማነስ) እና «ሃይፐርካሌሚያ» (መብዛቱ)። ፖታሲየሙ ከፍ ያለበት ሰው ዝቅ ብሎበታል ተብሎ ቢጨመርለት ልቡ ሊቆም ይችላል። ከላቦራቶሪ በስልክ የሚነገር ውጤትም በቁጥር እንዲሆን ጠይቀናል።