ቫልቭ ነው አሉኝ

«አሜሪካ ተቀምጠህ የ2004 ኮሮላ ትነዳለህ?» ይለኛል አዲስ አበባ ያለ የልጅነት ጓደኛዬ። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ድምፅ ማውጣት ጀመረች ብዬ በቴሌግራም ስጽፍለት ደግሞ ባሰበት። «ሽጣትና አዲስ ግዛ እንጂ! እዛ እኮ መኪና በነጻ ነው» አለኝ።

በነጻ አይደለም ወንድሜ። እዚህ አዲስ መኪና ማለት ለዓመታት በየወሩ የምትከፍለው ዕዳ ነው። በዚያ ላይ ሙሉ ኢንሹራንስ ግባ ይሉሃል። ክሬዲት ያልገነባ አዲስ መጪ ከሆንክማ ወለዱ ወገብ ይቆርጣል። የኔ ኮሮላ ከዕዳ ነጻ ናት። 1.8 ሊትር ሞተር፣ አራት ሲሊንደር፣ በወግ ከያዟት ልጅ የምታሳድግ መኪና ናት። ቨርጂኒያ ግዛት አሌክሳንድሪያ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ሥራ የምታደርሰኝ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት የምታመላልስልኝ እሷ ናት።

እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ። እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሙያዬ ግን ያው ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ ባለ ጋራዥ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው ያደግኩበት። ያስተማሩን ጋሼ ሞተር ሲነሳ ማንም እንዲያወራ አይፈቅዱም ነበር። «መጀመሪያ ስማ፣ ከዚያ ቁልፍ አንሳ» ይሉናል። ዲኤክስ ኮሮላ፣ ላዳ፣ ፔጆ፣ ሁሉንም በጆሮ ነው የተማርናቸው።

ታዲያ የራሴን መኪና ለምን ጋራዥ ወሰድኩ? አፓርትማችን ግቢ ውስጥ መኪና መጠገን በኪራይ ውሉ ክልክል ነው። ኮፋኖ ከፍተህ ትንሽ ከቆየህ አንዱ ጎረቤት ይደውላል፣ ጥበቃው ይመጣል። ኢንስፔክሽኗም ደርሶ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ የሴፍቲ ምርመራ አለ፤ እኛ ባለንበት በሰሜኑ ክፍል ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ይጨመራል። እግረ መንገዴን ይዩልኝ ብዬ ወሰድኳት።

የጋራዡ መካኒክ መጣ፤ ትሁት ልጅ ነው። የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰካ፣ አየ፣ የብልሽት ኮድ የለም አለ። ሞተሩን አስነሳና ትንሽ ሰማ። «ቫልቭ ነው። ሞተሩ አርጅቷል፤ ቢቀየር ይሻላል» አለ። ዋጋውን ሲያመጣው ከ4,000 ዶላር በላይ ነው። መኪናዋ ራሷ ይህን አታወጣም።

«እስቲ ከጎንህ ሆኜ አንዴ ልስማው» ብዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ያን ጊዜ ነው ሱፐርቫይዘሩ ከሩቅ እጁን ያነሳው። መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር አለ። ደንበኛ ያንን አያልፍም፤ ለኢንሹራንስ ነው ይላሉ። «ሰር፣ ከመስመሩ ወደኋላ» አለኝ። መካኒክ ነኝ አልኩት። «ይገባኛል ሰር፣ ከመስመሩ ወደኋላ» አለኝ ደግሞ። ትልቋ ልጄ አብራኝ ነበረች። ወደኋላ ተመለስኩና ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ የገዛ መኪናዬ ኮፋኖ ሲዘጋ አየሁ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ዋጋው አይደለም፤ ዋጋውን እምቢ ማለት ይቻላል። ያንገበገበኝ ዕድሜዬን የሞተር ድምፅ ስሰማ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ሞተር እንዳልሰማ መከልከሌ ነው። ልጄ «አባዬ፣ አንተ ማስተካከል አትችልም?» ስትለኝ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

በእርግጥ የኛም አገር ልማድ ከችግር የጸዳ አይደለም። እኛ ጋ ደንበኛው ኮፋኖ ውስጥ አናቱን ከመካኒኩ አናት ጋር አጋጥሞ ነው የሚውለው። መለዋወጫውን ራሱ ገዝቶ ይመጣል። ሻይ ሊጠጣ የመጣው ጓደኛው ሳይቀር «ካንዴላው ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሥራ የሚበላሸው በዚህም ነው። ሞተሩ ላይ የሚሠራ ሰው ጣቱ እንዳይቆረጥ ቢጠነቀቁ አልፈርድባቸውም። ግን ባለቤቱን ጨርሶ ካራቅከው፣ ድምፁ መቼ እንደጀመረ፣ ጠዋት እንደሚብስ፣ ሲሞቅ እንደሚቀንስ ማን ይነግርሃል? ያ ልጅ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ድምፁ የቫልቭ ድምፅ የሚመስልበት ምክንያት አለው። ቫልቭ ማለት ሲሊንደሩ አየር የሚያስገባበትና ጭስ የሚያስወጣበት በር ነው። እሱን የሚከፍተው ዘንግ ካምሻፍት ይባላል፤ ኮሎው፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ የሚዞረው አንዴ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጥ፣ በደቂቃ 700 ቢዞር፣ አንድ የላላ ቫልቭ 350 ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ማለት ነው። ቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) የሚያንኳኳ ሞተር ግን ከኮሎው ዙር ጋር እኩል ነው የሚመታው፤ ድምፁም ወፍራም ነው፣ ከታች ነው የሚመጣው፣ ጭነት ሲበዛበት ይብሳል። ያኛውን ከሰማህ ሞተሩን ወዲያው አጥፋ። የኔዋ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ከላይ የሚሰማ ቲክ ቲክ ነበር። እስከዚህ ድረስ ልጁ አልተሳሳተም።

ነገር ግን የአንድ ሲሊንደር ጭስም በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚወጣው። ጭሱን የሚሰበስበው ቱቦ፣ ማኒፎልዱ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው አካል) ጋር በሚገጥምበት ቦታ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ከተበላ፣ ጭሱ በየተራው «ጭ» እያለ ያመልጣል። አመታቱ ከላላ ቫልቭ ጋር አንድ ነው። የሚለያቸው ሙቀት ነው። ማኒፎልዱ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ድምፁ ይቀንሳል። የኔዋ ልክ እንደዚያ ነበረች፤ ጠዋት ትጮሃለች፣ ትንሽ ከነዳኋት ዝም ትላለች።

ቅዳሜ ዉድብሪጅ የራሱ ቤት ያለው ወዳጄ ጋ ሄድኩ። ዘይቱን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ለማንም የምለው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ዘይት ሲጎድል ላይኛው ክፍል ይደርቃል፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት መወጠሪያም በዘይት ግፊት የሚሠራ ስለሆነ ይላላል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይንጫጫል። ቀጥሎ ረጅም ካቻቢቴ ወሰድኩ። ጫፉን የቫልቭ ክዳኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር ሰማሁ። ይህን የምታደርግ ሰው ከቺንጋው ራቅ፣ የሹራብህን እጅጌ ሰብስብ። የነዳጅ መርጫዎቹ ቲክታ አለ፤ እሱ ጤነኛ ነው፣ አያስደንግጥህ። ክዳኑ ላይ ግን ለብቻው የሚመታ ቦታ የለም።

ከዚያ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ ጠበቅን። የቤቱን ቫክዩም ማሽን በሚነፋበት በኩል አድርገን ቱቦውን ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታ ላይ ገጠምነው፣ ማኒፎልዱ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ረጨን። ጎሚስታ የተበሳ ጎማ እንደሚፈልገው ማለት ነው። አንደኛው ሲሊንደር ጋ አረፋው ወጣ። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮውን ስናነሳ እዚያው ቦታ ላይ ጥቁር ጥላሸት፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ የተቆረጠ ብሎን ተገኘ። ጓርኒሲዮንና ብሎን ከ50 ዶላር በታች ወጣብኝ። የተቆረጠውን ብሎን ማውጣት ነው ልብ ያደረቀን፤ እሱም ወጣ። በነጋታው ጠዋት ሞተሩን ስናስነሳ ልጄ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ መስመር የለም፣ ኮፋኖው ክፍት ነው።

ይህ ጭስ ቀላል ነገር አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ አለበት፤ በክረምት መስኮት ዘግተህ ሂተር ስትከፍት ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሞተር ቀይር ያሉኝ ሰዎች ስለዚህ አንድ ቃል አልነገሩኝም።

ስካነሩ ለምን ዝም አለ? ስካነር የሚያነበው ሴንሰሮች የነገሩትን ነው። የቫልቭ ክፍተት፣ ማለትም በካምሻፍቱና በቫልቩ መሃል ያለውን ቦታ፣ የሚለካ ሴንሰር የለም። የኔዋ ላይ ክፍተቱን ማወቅ ከፈለግክ፣ በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍተህ በስስ መለኪያ ቆርቆሮ ነው የምትለካው። የማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር፣ የማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ነው። ሳይለካ «ቫልቭ ነው» ማለት ግምት ነው። በነገራችን ላይ ከሚጮኸው ቫልቭ ይልቅ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። ክፍተቱ የጠበበ የማስወጫ ቫልቭ ድምፅ የለውም፤ ግን በደንብ ስለማይዘጋ እሳቱ ጠርዙን ይበላዋል።

እዚህ ብዙ ጋራዥ መካኒኩን የሚከፍለው በፍላት ሬት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ መጽሐፉ ላይ የተጻፈ ሰዓት አለ፣ የሚታሰብለት ያ ነው። ቆሞ ድምፅ ለሰማበት ማንም ብዙ አይከፍለውም። ዕቃ ሲቀይር ነው የሚያገኘው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ አሠራሩ ነው ጆሮውን የወሰደበት።

ዲቪ ደርሷችሁ ለምትመጡ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያ መኪናችሁ አሮጌ ነው የሚሆነው፤ አታፍሩበት። ግን ስትገዙ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ካልተነሳ አትግዙ። ከመድረሳችሁ በፊት አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ አለ። ኮፋኖውን በእጃችሁ ንኩት፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ። ሬዲዮውን አስጠፉ። 5ደብሊው-30 ዘይት የሚል ሞተር ውስጥ ወፍራሙን 20ደብሊው-50 ዘይት ጨምሮ ድምፅ የሚደብቅም አለ። «የአገሬ ልጅ ነው» ብላችሁ ሳትሰሙ አትክፈሉ።

መካኒክ ለሆናችሁት ደግሞ፤ ፓርኪንግ ገብታችሁ እንደኔ ዓመታት እንዳታሳልፉ። ኤኤስኢ የሚባል የብቃት ፈተና አለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ የሚሰጥ ነው። የሞተር ጥገናው ኤ1 ይባላል፣ ከኤ1 እስከ ኤ8 የጨረሰ ማስተር ይሆናል። ፈተናውን ማለፍ ብቻ አይበቃም፣ በተለምዶ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከአገር ሳትወጡ ከሠራችሁበት ጋራዥ ሁሉ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያዙ። ጋራዡ ሳይዘጋ፣ ባለቤቱ ሳይሞት። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወረቀታችሁንም አስተርጉሙ። እዚህ መካኒክ መፍቻውን ራሱ ነው የሚገዛው፣ የጋራዡ ባለቤት አይሰጠውም። መፍቻ የጫነ የነጋዴ መኪና በየሳምንቱ ጋራዡ ድረስ እየመጣ በዱቤ ይሸጣል፤ እዚያ ዕዳ ውስጥ አትግቡ፣ ለመጀመሪያው ያገለገለ ሳጥን ይበቃል። ሻንጣችሁ ውስጥ ብረት አትሸከሙ። ወረቀቱን ግን በእጅ ቦርሳችሁ ያዙት፣ በርበሬው ካለበት ሻንጣ ጋር እንዳይጠፋ።