የሾፌሩ ወገን ማነው?

የምሠራው በመድን ድርጅት ካሳ ክፍል ነው። ኃላፊያችን የአንድ ሾፌር አደጋ ፋይል አገላብጦ ሳይጨርስ «ሾፌሩ ያለ ፈቃዳችን ጥፋቱን አምኗል፣ የካሳ ጥያቄው ውድቅ ይደረግ» ብሎ መለሰልኝ። የመድን ውሉን አንቀጽ ድሬዳዋ ካሳ ክፍል የሠራ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፦ ደንበኛው መድን ሰጪው ሳይፈቅድ ጥፋት ማመንም ሆነ ካሳ እከፍላለሁ ማለት አይችልም። ሾፌሩ ግን ከአዲጋላ አለፍ ብሎ አንድ ወጣት እረኛ ገጭቶ ገድሏል። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲጠሩት «ቆዩ፣ ድርጅቱን ላስፈቅድ» ሊል ነው?

የአካባቢው ሶማሌዎች፣ ኢሳዎች፣ ሄር በሚሉት ባህላዊ ሕጋቸው ነፍስ የጠፋበት ወገን ማግ የሚባል የደም ካሳ ይቀበላል። ለወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50 ሲባል የኖረ ሕግ ነው (የሴቷ ነፍስ በግማሽ መቆጠሩ መቼም አይዋጥልኝም)። ማጉን ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ አብረውት ማግ የሚያወጡ ዘመዶቹ ይካፈሉታል፣ የሟች ዘመዶችም እንደዚያው ተካፍለው ይቀበላሉ። ካልተከፈለ ደሙ በገዳዩ ብቻ ሳይሆን በወገኑ ሁሉ ላይ ይቆያል።

እኔ የሄድኩት ሰነድ ላሰባስብ ነበር። ሽምግልናው ላይ ስደርስ ጭንቁ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ሾፌሩ የደሴ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው፣ የሰማም የለም። ሽማግሌዎቹ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ግራ ገብቷቸዋል። አንደኛው ወደ እኔ ዞሩና በአስተርጓሚ ጠየቁኝ።

«አንተስ የማን ነህ?»

«የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ፣ አባቴ።»

«መድን ምን ያደርጋል?»

ባለመኪኖች በየዓመቱ አረቦን እንደሚከፍሉ፣ አንዱ አደጋ ሲያደርስ ከተጠራቀመው ገንዘብ ካሳ እንደሚሰጥ አስረዳሁ። ሽማግሌው አስተርጓሚው እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቁም።

«ታዲያ ወገኑ እናንተ ናችሁ! ልጁ ሲቀበር የት ነበራችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ሁሉ ዓመት የመድን ሥራ ስሠራ የሥራዬን ምንነት እንደዚያ አጥርቶ የነገረኝ ሰው የለም። ብዙ ሰው አዋጥቶ የአንዱን ዕዳ መሸከም እነሱ ዘንድ የኖረ ነገር ነው። ልዩነቱ የእነሱ ወገን ከገንዘቡ ጋር ራሱም መምጣቱ ነው፤ ቀብር ይቆማል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። እኛ የምንልከው ደብዳቤ ነው።

ቢሮ ተመልሼ ይህንኑ ለኃላፊያችን ነገርኩት። «ለቅሶ መድረስ ሽፋኑ ውስጥ የለም» አለኝ። ይህ ንግግሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ 799/2005 የሞት ካሳ ጣሪያ ያኔ 40,000 ብር ነበር፤ ያንን ገንዘብ ቀድሞ ይዞ ሄዶ ከሽማግሌዎቹ ፊት መቀመጥ ምን ያጎድል ነበር? ብዙ ተከራክረን 40,000ው ተከፈለ። ከዚያ በላይ ያለውን፣ በግመል ተቆጥሮ፣ ተለምኖ ተቀንሶ፣ በብር የተመነዘረውን፣ የሾፌሩ ማኅበር አባል ሾፌሮች አዋጥተው ሸፈኑት። እውነተኛዎቹ ማግ ከፋዮች እነሱ ሆኑ።

እርቁ ክሱን አላስቀረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እና 78 ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል የዐቃቤ ሕግ ነው። ፍርድ ቤቱ እርቁን በቅጣት ማቅለያነት ያዘለት፣ ሾፌሩ ግን ታሰረ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ አዘኑ፦ ማግ ከተከፈለ በኋላ ሰውን ማሰር ለማን ይጠቅማል? ለዚህም መልስ አልነበረኝም። በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ሾፌሩ ከእስር ከወጣ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በሽንሌና በአይሻ አድርጎ ደወሌ ሲመላለስ ማንም አልነካውም። ይህን ያደረገለት የፍርድ ቤቱ ውሳኔ አይደለም።

በ2017 ሄር ኢሴ የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ሲመዘገብ ለቅርንጫፋችን አንድ ሐሳብ ጽፌ አስገባሁ፦ ኢሳዎች በሚኖሩበት የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ነፍስ የጠፋበት አደጋ ሲደርስ፣ የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው የአደጋ ፕላን ከመጠየቁ በፊት፣ ከቢሮው አንድ ሰው ለቅሶ ይድረስ፤ አበሉም ከካሳ ክፍል በጀት ይያዝ። ሐሳቡ ገና አልጸደቀም። እኔ ግን ፋይሉ ሲደርሰኝ እየሄድኩ ነው።