ካርዴ አልቆ፣ ዓይኔ ሳሙና ሞልቶ

ሰሞኑን አንድ የሰፈሬ ልጅ ደውሎ «አንተማ ቻይና ገብተህ ምን ጎደለብህ!» አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ውሻ በልቼ እንደሆነ ነው። አልበላሁም፤ የበላ ጓደኛም የለኝም። ብርዱንም ፈራልኝ። እርግጥ የምማርባት የቻይናዋ ከተማ ሃርቢን በጥር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መውረድ ብርቅ አይደለም። ግን ክፍላችን ማሞቂያ አለው፣ በቲሸርት ነው የምንውለው። እንደውም ብርድ ያንቀጠቀጠኝ አዲስ አበባ ነው፣ ክረምት ላይ።

እኔን ያዋረደኝ ሻወር ነው።

ዶርማችን መታጠቢያ የለውም። ግቢው ውስጥ የጋራ አለ። በር የለ፣ መጋረጃ የለ፤ ወንዱ ሁሉ እናቱ እንደወለደችው ተደርድሮ ይታጠባል። እኔ በሙታንታ ገባሁ። ዞረው አዩኝ። ራቁታቸውን ያሉት ጨዋ፣ የለበስኩት እኔ እብድ ሆንኩ።

ውሃው የሚወርደው የተማሪ ካርድህን ማሽኑ ላይ ስታደርግ ነው፤ ሒሳብ የሚቆርጠው በፈሰሰው ልክ። ፀጉሬን አረፋ በአረፋ አድርጌ ሳሽ ውሃው ቀጥ አለ። ካርዴ አልቋል። ዓይኔ እየተቃጠለ «ሹይ! ሹይ!» ብዬ ጮህኩ። ውሃ ማለት ነው፤ ያኔ ከማውቃቸው አሥር ቃላት አንዱ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የራሳቸውን ካርድ አስቀመጡልኝ። በዚያ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ሻካራ ጨርቅ አውጥተው ጀርባዬን ማሸት ጀመሩ! እነሱ ጋ ይሄ ደግነት ነው። እኔን ግን አባቴ እንኳ ጀርባዬን ካሸኝ ስንት ዘመኑ!

ሲጨርሱ «ፌይጆ?» አሉኝ፤ አፍሪካ ነህ? «አይሳይኧቢያ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ፤ ኢትዮጵያ ማለቴ ነው። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ፣ በረጠበ ሙታንታ።

ቂም ግን አልይዝም። እኛም መንገድ ሊሠሩ የመጡትን «ቻይና! ቻይና!» እያልን ስንከተል ያደግን ነን። እዚህ ሕፃን ጣቱን ሲቀስርብኝ ብድሬ ነው ብዬ አልፋለሁ።

ጉንፋን ያዘኝ ስል የዶርሟ ጠባቂ ያዘዙልኝ ሙቅ ውሃ ነው። ሆዴን ስል ሙቅ ውሃ። የኛ ፌጦ መሆኑ ነው።

የምትጾሙ ግን ተጠንቀቁ። ካፌ «ሥጋ አለው?» ብዬ ጠይቄ፣ የለውም የተባልኩት ቶፉ፣ ማለት የአኩሪ አተር አይብ ላይ የተፈጨ አሳማ ተነስንሶበት አገኘሁ። ለአብሳይዋ ያ ሥጋ አይደለም፣ ማጣፈጫ ነው። ሳህኑን እንዳለ ትቼው ወጣሁ።

ለመምጣት ያሰባችሁ፣ የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ በወር 3000 ዩዋን ይሰጣል። ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ዘመድ «ላክ» ማለት ሲጀምር ግን አይበቃም። ካፖርት ከአገር ቤት አትሸከሙ፣ ቦታውን ለሽሮና ለበርበሬ አድርጉት። ቴሌግራምና ፌስቡክ እዚህ ዝግ ናቸው፤ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት እናቶቻችሁን ዊቻት የሚባለውን የቻይኖቹን መደዋወያና መጻጻፊያ አስለምዱ።

የኔዋ አሁን ለምዳለች። በየእሑዱ ደውላ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ግን ያው ነው፤ «ገላህን ትታጠባለህ ግን?»